ንግሥት መስቀል ክብራ፤ በላስታ ዐለት ላይ የሁለት ሰዎች ሥራ

ቤት መሥራት በአገራችን ገጠር የአንድ ሰው ብቻ ሙያ ሆኖ አያውቅም። በዳንግላ ዙሪያ በሚገኙት የአዊ መንደሮች ባል ከጎረቤቶቹ ጋር በደቦ እንጨቱን ቈርጦ ሲያቆም፣ ማገሩን ሲያስርና ጣራውን ሲያወጣ፣ ሚስት ጭቃውን ከጭድ ጋር ታቦካለች፣ ግድግዳውን ትመርጋለች፣ ወለሉንም በእበት ትለቀልቃለች። ቤቱ ዝናብና ነፋስ የሚከላከለው፣ የሰው መኖሪያም የሚሆነው ሁለቱ ሥራዎች ሲገናኙ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ቤቱ የሚጠራው በአባወራው ስም ብቻ ነው። መራጊዋ በቤቱ ውስጥ ትኖራለች እንጂ ቤቱ በስሟ አይታወቅም።

ይህ ልማድ በጎጆ ቤት ላይ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በታላላቅ ሕንጻዎች ታሪክም እንዲሁ ነው። በዓለም ፊት ከሚያስከብሩን የሕንጻ ሥራዎች መካከል በመጀመሪያ ረድፍ የሚቆሙት የላስታ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሚጠሩት በአንድ ንጉሥ ስም ነው። ሆኖም የአገሪቱ ትውፊትም ሆነ በዘመኑ የተጻፉት ጥቂት ሰነዶች ከንጉሡ አጠገብ አንዲት ሴትን ያስታውሳሉ። እርስዋም የንጉሥ ላሊበላ ባለቤት ንግሥት መስቀል ክብራ ናት። የሕይወትዋ ታሪክ ለሕንጻ ባለሙያዎች ልዩ ትርጉም አለው። ምክንያቱም ሁለት ሰዎች በፍቅርና በጋብቻ ተሳስረው አንድ ሥራ ሲሠሩ፣ ሥራው ለማን ይቈጠራል የሚለውን ጥያቄ ያነሣልና።

ከዳንግላ ተነሥቶ ወደ ላስታ መሻገር ያለ ምክንያት አይደለም። የዛጔ ነገሥታት የአገው ወገን እንደ ነበሩ በታሪክ የታወቀ ነው። ሰባት ቤት አገው ተብለው የሚጠሩት የአዊ ሕዝብም አባቶቻቸው ከላስታና ከዋግ በኩል ተነሥተው ዓባይን ተሻግረው አሁን ባሉበት አገር እንደ ሰፈሩ ሲነገር የኖረውን ትውፊት እስከ ዛሬ ይተርካሉ። የላሊበላ ስም ራሱ ከንብ ጋር የተያያዘ ነው። ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ ስለ ከበበው፣ እናቱ ንቦች ንግሥናውን ዐወቁ ስትል ስሙን እንዳወጣችለት ገድሉ ይናገራል። በማሩ ስሙ ለተጠራውና በጎንደር ዘመን ለከተማይቱ ማርና ቅቤ ያቀርብ ለነበረው ለአገው ምድር ሰው ይህ ትረካ ባዕድ አይደለም።

መስቀል ክብራ የኖረችው በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። ስለ እርስዋ የምናውቀው ከሦስት ዐይነት ምንጮች ነው። አንደኛው በዘመኑ በወንጌል መጻሕፍት ላይ የተመዘገበው የርስትና የጉልት ስጦታ ነው። ሁለተኛው በግብፅ የተጻፈው የእስክንድርያ ሊቃነ ጳጳሳት ታሪክ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከእርስዋ ዘመን ብዙ ቈይቶ በግዕዝ የተጻፈው ገድልና በላስታ ካህናት ዘንድ በቃል ሲወርድ የመጣው ትውፊት ነው። እነዚህ ሦስቱ በጠባያቸው የተለያዩ ናቸው። ስጦታው የሕግ ሰነድ፣ የግብፁ ታሪክ የቤተ ክህነት ዘገባ፣ ገድሉ የቅድስና ትረካ ነው። በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ ንግሥቲቱ ከዙፋኑ አጠገብ ዝም ብላ የተቀመጠች ሴት አልነበረችም።

ስማቸውን እንኳ ብንመለከት የሁለቱን መተሳሰር እናገኛለን። ላሊበላ የዙፋን ስሙ ገብረ መስቀል ነበር፤ የመስቀል አገልጋይ ማለት ነው። የንግሥቲቱ ስም መስቀል ክብራ፣ መስቀል ክብርዋ እንደ ሆነ ያመለክታል። ሁለቱም ስሞች በአንድ ምልክት ላይ የቆሙ ናቸው። ይኸው ምልክት በሮሐ ዐለት ውስጥ በመስኮት፣ በጣራና በዐምድ ላይ በብዙ ዐይነት ተቀርጾ ይታያል። ከሁሉም በላይ የሚታወቀው በቤተ ጊዮርጊስ ጣራ ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጸው መስቀል ነው።

ገድሉ እንደሚተርከው ላሊበላ ከመንገሡ በፊት ብዙ መከራ አሳልፏል። ንግሥና እንደሚያገኝ ስለ ተነገረለት በቤተ መንግሥት የነበሩ ዘመዶቹ ተመቀኙት፤ መርዝ ጠጥቶም ሦስት ቀን እንደ ሞተ ሰው ተኛ። በዚያን ጊዜ ነፍሱ ወደ ሰማይ ተነጥቃ ከአንድ ዐለት የሚወጡትን አብያተ ክርስቲያናት አየች። ከዚያ በኋላ ወደ በረሃ ተሰደደ። መስቀል ክብራን ያገባው ገና ዘውድ ሳይደፋ ነው። ይህ የቅድስና ትረካ እንጂ የዘመን ታሪክ አይደለም። ቢሆንም አንድ ቁም ነገር ይዟል። ትውፊቱ መስቀል ክብራን የሚያስገባት ሥራው ተጠናቆ ደስታ በሆነበት ጊዜ ሳይሆን፣ ሥራው ገና ሐሳብ ብቻ በነበረበት፣ ሐሳቡንም የያዘው ሰው ቤትና አገር ባጣበት ጊዜ ነው። በሌላ አነጋገር የሕንጻዎቹ ንድፍ በሰው አእምሮ ውስጥ ብቻ በነበረበት ወቅት የመጀመሪያዋ ተካፋይ እርስዋ ነበረች ማለት ነው።

ላሊበላ ከነገሠ በኋላ የንግሥቲቱ ስም በመንግሥት ሰነድ ውስጥ ይገኛል። ነገሥታቱ ለቤተ ክርስቲያን መሬት ሲሰጡ ስጦታው እንዳይሻር በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይ ያስጽፉት ነበር። በላሊበላ ዘመን ከተጻፉት ከእነዚህ ስጦታዎች መካከል የመስቀል ክብራ ስም ከንጉሡ ስም ጋር የተመዘገበበት አለ። ለሕንጻ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ከዐለት ተፈልፍሎ ቢወጣ እንኳ መሬት ካልተመደበለት፣ ካህናቱ የሚኖሩበት ካልተገኘ፣ ዕጣንና ጧፍ የሚገዛበት ገቢ ካልተሰጠው ሕንጻ ሆኖ አይቆምም። ዐለቱን ማነጽ የሥራው ግማሽ ሲሆን፣ ሕንጻው ለትውልድ እንዲኖር ሥርዓት ማቆም ሁለተኛው ግማሽ ነው። በዚህ በሁለተኛው ግማሽ የንግሥቲቱ እጅ እንደ ነበረበት በጽሑፍ ተመስክሯል።

የግብፁ መጽሐፍ ደግሞ ሌላ ገጽታዋን ያሳየናል። በሊቀ ጳጳሳት አባ ዮሐንስ 6ኛ ዘመን አባ ሚካኤል የሚባል ጳጳስ ወደ ኢትዮጵያ ተልኮ ነበር። ጳጳሱ ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ወደ ካይሮ ተመለሰና ከሰሰ። ክሱም ንግሥቲቱ ሂሩን የተባለውን ወንድሟን ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ እንዲሾመው እንዳስጨነቀችው፣ ወንድሟም ከተሾመ በኋላ ሥልጣኑን ቀምቶ እንዳባረረው የሚገልጽ ነበር። ሊቀ ጳጳሳቱ ነገሩን ሲያስመረምር ግን የተገኘው መልስ ሌላ ሆነ። ከኢትዮጵያ የመጣው መልስ ጳጳሱ በአንድ የወርቅ በትር መጥፋት ምክንያት የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጠባቂ አስደብድቦ እስከ ሞት አድርሷል፤ የሸሸውም ስለዚህ ነው የሚል ነበር። አባ ሚካኤል ከሹመቱ ተሽሮ አባ ይስሐቅ በምትኩ ተላከ። መስቀል ክብራ ለወንድሟ ማዕረግ መፈለግዋ ከዘመድ አድልዎ ነጻ አያደርጋትም። ነገር ግን ቃልዋ በጳጳስ ሹመት ላይ እንኳ ክብደት ያለው መሆኑን የባዕድ አገር መጽሐፍ ሳይቀር መዝግቦታል። እንዲህ ያለች ሴት ባልዋ በኖረበት ዘመን ሁሉ በያዘው ታላቅ ሥራ ላይ አስተያየት አልነበራትም ብሎ መገመት ያስቸግራል።

ከትውፊቶቹ መካከል በላስታ ሰው አፍ ሳይጠፋ የኖረ አንድ የላም ታሪክ አለ። ላሊበላ በንግሥቲቱ ምክር ዘውዱን ለወንድሙ ልጅ ለነአኵቶ ለአብ ለቀቀ። ዐሥራ ስምንት ወር ካለፈ በኋላ የአዲሱ ንጉሥ ወታደሮች የአንድ ድኻ ገበሬ ላም ነጥቀው ለቤተ መንግሥት ማዕድ አረዱ። መስቀል ክብራ ይህን በሰማች ጊዜ ባልዋ ወደ ዙፋኑ እንዲመለስ መከረች፤ እርሱም ተመለሰ። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት ይህ የሥልጣን መለዋወጥ ትውፊቱ እንደሚለው በሰላም የተፈጸመ ላይሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ አላቸው። የሆነው ሆኖ ሕዝቡ ንግሥቲቱን ያስታወሳት ንጉሡ እንዲለቅም እንዲመለስም የምታደርግ፣ መለኪያዋም የድኻው ላም የሆነች አማካሪ አድርጎ ነው። ታላቅ ሕንጻ በሚሠራበት አገር የድኻው ላም ጉዳይ የሕንጻው ጉዳይ ነው። ጠራቢውን የሚመግበው ገበሬው ነውና።

ወደ ሥራው ራሱ ስንመለስ፣ በሮሐ የተሠራው ሥራ ከተለመደው ግንባታ ፍጹም ተቃራኒ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ግንበኛ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየጨመረ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። የሮሐ ጠራቢ ግን ከላይ ጀምሮ እየቀነሰ ወደ ታች ይወርዳል። አስቀድሞ በቀዩ የእሳተ ገሞራ ዐለት ዙሪያ ጥልቅ ቦይ ተቈፍሮ መሐሉ እንደ አንድ ብሎክ ይቀራል። ከዚያም ጣራው፣ ግድግዳው፣ መስኮቱና በሩ ይቀረጻል፤ ውስጡም ቅስቱና ዐምዱ እየተተወ ይፈለፈላል። የቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመት 33 ሜትር ያህል፣ ስፋቱ 23 ሜትር ያህል፣ ከፍታው 11 ሜትር ያህል ነው። በዙሪያው የቆሙት ዐምዶች ሁሉ የዚያው የአንዱ ዐለት አካል ናቸው። በዚህ አሠራር ስሕተት አይታረምም። የተሰበረ ዐምድ አይተካም፣ ያለ ቦታው የተበሳ መስኮት አይደፈንም። የዝናቡ ውኃ የሚወርድበት ተዳፋት እንኳ ከመጀመሪያው ካልታሰበበት ቦዩ ሁሉ ኩሬ ይሆናል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ከነሙሉ ቅርጹ በአሳቢዎቹ ዘንድ መኖር አለበት። በዚህ ላይ ጠራቢዎቹ ዓመት ከዓመት መብላት፣ መሣሪያቸው መሳል፣ ፍርስራሹም መጋዝ ይኖርበታል። በ1520ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቦታውን የጐበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ሥራው 24 ዓመት እንደ ፈጀ ካህናቱ ነግረውታል። ለዚህን ያህል ዘመን አንድ ሐሳብ ሳይዛነፍ መያዝ ለአንድ ሰው ከባድ ሸክም ነው።

ትውፊቱ የመስቀል ክብራን ሥራ ለብቻው አጉልቶ የሚያሳየው ከላሊበላ ዕረፍት በኋላ ነው። ንጉሡ ባረፈ ጊዜ ንግሥቲቱ ኀዘንዋን በልቅሶ ብቻ አልተወጣችውም፤ ለመታሰቢያው ቤተ አባ ሊባኖስን አሳነጸች ይባላል። ይህ ቤተ ክርስቲያን ከምሥራቁ ክፍል ከቤተ አማኑኤል፣ ከቤተ መርቆሬዎስና ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ጋር የሚቈጠር ነው። አሠራሩ ከሌሎቹ የተለየ ነው። ግድግዳዎቹ በዙሪያቸው በተፈለፈለ መተላለፊያ ከተራራው ተለይተዋል፤ ጣራው ግን ከላይ ካለው ዐለት ጋር እንደ ተያያዘ ቀርቷል። ሕንጻው ቆሞ የሚታይ ሆኖ ሳለ ተራራው በራሱ ላይ አለ። በጠባብ ስፍራ እንዲህ ያለ መተላለፊያ ፈልፍሎ ግድግዳውን ማስተካከል ከሜዳ ላይ ብሎክ ከማውጣት የተለየ ብልሃት ይጠይቃል። ጠራቢው ጣራውን ከላይ ሊያየው አይችልምና። ይህ ሕንጻ ቀደም ሲል የተሠራውን የሚደግም ሳይሆን፣ ከቀደመው የተማረና ሌላ መንገድ የሞከረ ነው።

የተሰየመለት ቅዱስም ልብ ሊባል ይገባዋል። አባ ሊባኖስ በሰሜን በሽመዛና በሚገኘው ገዳም የሚከበር ጥንታዊ አባት ነው። ንጉሥ ላሊበላ ለዚሁ ገዳም የሰጠው ስጦታ በገዳሙ የወርቅ ወንጌል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። እንግዲህ ንግሥቲቱ ለባልዋ መታሰቢያ ያሳነጸችው ቤት የተሰጠው ባልዋ በሕይወቱ ላከበረው ቅዱስ ነው። የእርሱን ስም በሩ ላይ ከመጻፍ ይልቅ የእርሱን ፍቅር ቀጠለች ማለት ይቻላል። የራስዋን ስምም አልጻፈችበትም።

ካህናቱ ቤተ አባ ሊባኖስ በመላእክት ረዳትነት በአንድ ሌሊት አለቀ ብለው ይተርካሉ። ስለ ሌሎቹም ቢሆን ቀን ሰዎች የጀመሩትን ሌሊት መላእክት ያስፋፉት ነበር ይባላል። አማኝ ይህን እንደ ተአምር ይቀበለዋል። የሕንጻ ባለሙያ ደግሞ ከዚሁ ትረካ ሌላ ቁም ነገርም ሊያገኝ ይችላል። ማንኛውም ታላቅ ሥራ ስማቸው ያልተመዘገበ፣ በብርሃን ያልታዩ ብዙ እጆች አሉበት። ትውፊቱ ለእነዚያ እጆች ስም ባያገኝላቸው የሰጣቸው የመላእክትን ስም ነው። ከእነርሱ መካከል በሰው ስም ለመታወስ የበቃች አንዲት ሴት መሆንዋ ግን የአጋጣሚ ነገር አይመስልም።

ስለ ውቅር ሕንጻዎቹ ዕድሜ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እንግሊዛዊው የአርኪኦሎጂ ሊቅ ዴቪድ ፊሊፕሰን ሥራው በአንድ ንጉሥ ዘመን ብቻ የተፈጸመ አይደለም፤ ከላሊበላ ብዙ መቶ ዓመት አስቀድሞ ተጀምሮ በየጊዜው የተፈጸመ ነው የሚል አሳብ አቅርቧል። ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን እንዲሆኑ የታነጹ አይደሉም የሚለው አስተያየትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሌሎች ደግሞ የላሊበላን ድርሻ ከፍ አድርገው ያዩታል። ይህ ክርክር የመስቀል ክብራን ስም የሚያሳንስ መስሎ ቢታይም ነገሩ እንዲያ አይደለም። ሥራው ከንጉሡ ዕረፍት በኋላ እንደ ቀጠለ አስቀድሞ የተናገረው የላስታ ትውፊት ነው፤ የቀጠለውንም ሰው በስም ጠርቷል። ሊቃውንቱ ዐለቱን መርምረው የደረሱበትን፣ ይኸውም ሥራው የብዙ ሰዎችና የብዙ ዘመን ቅብብሎሽ መሆኑን፣ ካህናቱ በአንዲት መበለት ታሪክ አማካይነት ሲተርኩት ኖረዋል።

በውጭው ዓለም ታሪክም ተመሳሳይ ነገር አለ። በትንሹ እስያ በሃሊካርናሶስ ከተማ የነበረችው አርጤምስያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ353 ዓመት ባልዋ ማውሶሎስ በሞተ ጊዜ ከጥንቱ ዓለም ሰባት ድንቆች አንዱ የሆነውን መቃብሩን አሠርታለች። እርስዋም ሕንጻው ሳያልቅ ሞተች፤ ጠራቢዎቹ ግን ሥራውን ትተው አልሄዱም ይባላል። ዛሬ በአውሮፓ ቋንቋዎች ታላቅ መቃብር የሚጠራው በማውሶሎስ ስም ነው፤ የአሠሪዋ ስም በቃሉ ውስጥ የለም። በሕንድ ደግሞ ሻህ ጃሃን በ1631 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለሞተችው ሚስቱ ታጅ ማሃልን አሠራ። ባል ለሚስቱ ሲያሠራ ዓለም የፍቅር ሕንጻ ይለዋል። ሚስት ለባልዋ ስታሠራ ግን የባልየው ሕንጻ ሆኖ ይቀራል። የመስቀል ክብራ ዕድል ከአርጤምስያ ጋር ይመሳሰላል።

ላሊበላና መስቀል ክብራ በቤተ ክርስቲያን ሁለቱም ከቅዱሳን ጋር ይቈጠራሉ። ሮሐ የሚለው የከተማይቱ ስም በንጉሡ ስም ከተተካ ረጅም ዘመን አልፏል። አብያተ ክርስቲያናቱ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ በመጀመሪያ ካሰፈራቸው 12 ቦታዎች መካከል ተቈጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከዝናብ ለመከላከል በተሠሩት መጠለያዎች ሥር ከዋሉት መካከል ቤተ አባ ሊባኖስ አንዱ ነው። መጠለያዎቹ ከተሠሩ ወዲህ ለዐለቱ ጥቅም ወይስ ሥጋት ናቸው የሚለው ክርክር በባለሙያዎች መካከል ሲካሄድ ቈይቷል። ይህ ራሱ የሚያስገነዝበን ሕንጻ በአሠሪው ዘመን የማያልቅ መሆኑን ነው። ከሞት በኋላ ሥራውን የሚረከብ፣ ስንጥቁን የሚያይ፣ ውኃውን የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። የመስቀል ክብራ ስፍራ ከዚህ ላይ ነው። እርስዋ ሥራውን ገና በሐሳብ ሳለ የተካፈለች፣ በንግሥናዋ ዘመን በርስት ያጸናች፣ በመበለትነትዋም የቀጠለች ሰው ሆና በትውፊትና በሰነድ ትታወሳለች።

ሙያችን የብዙዎች ሙያ ነው። ንድፍ ሲነሣ አንድ ስም ይጻፋል፤ ሥራው ግን በቤት ውስጥ በምሽት የተመከረበት፣ በሌላ ሰው ዐይን የታረመ፣ በሌላ ሰው ትዕግሥት የተጠናቀቀ መሆኑን እያንዳንዱ ባለሙያ ያውቀዋል። በዳንግላ ዙሪያ ጎጆዋን የምትመርገው ሴትም፣ በሮሐ ዐለት የባልዋን መታሰቢያ ያሳነጸችው ንግሥትም በዚህ አንድ ናቸው። የታሪክ መዝገብ የምንጽፍ፣ የቅርስ ጥገና የምናካሂድ፣ ለተማሪዎችም የምናስተምር ሁሉ ስለ ሮሐ ሕንጻዎች ስንናገር ከንጉሡ ስም አጠገብ የንግሥቲቱን ስም መጻፍ ይገባናል። ይህ ለንጉሡ የተሰጠውን ክብር አይቀንስበትም። ገብረ መስቀል ላሊበላ ሐሳቡን ለብቻው አልተሸከመም፤ የተሸከመችለትን ሴት ማወቅ ሥራውን ይበልጥ ለመረዳት ያስችላል።